ኮዱ ክስ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም፦ የመኪና ሴንሰር ብልሽትን ማወቅና መለየት

መግቢያ

ድሮ ሞተር ሲያስቸግር መካኒኩ ካንዴላ አውጥቶ ያያል፣ ካርቡሬተሩን ፈትቶ ያጥባል፣ የቀረውን ደግሞ በጆሮው ይሰማል። ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጧል። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫዋ የሞተር መብራት ትበራለች፣ ስካነር ይሰካል፣ ኮድ ይወጣል፣ ከዚያም በኮዱ ስሙ የተጠራው ሴንሰር ተፈትቶ በሌላ ይተካል። ብዙ ጊዜ ታዲያ መብራቷ ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሳ ትበራለች። ባለቤቱም «ገዛሁ፣ አስቀየርኩ፣ ያው ነው» እያለ ይመጣል።

ይህ የሚሆነው ስካነሩ ስለዋሸ አይደለም። ስካነሩ የተናገረውንና እኛ የሰማነውን ስላላገናኘነው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብም ይኸው ነው፤ ኮድ ማለት ክስ ነው፣ ፍርድ አይደለም። ከሳሹ የሞተሩ ኮምፒዩተር ነው። ተከሳሹ ሴንሰሩ ሊሆን ይችላል፣ ገመዱ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ደግሞ ሴንሰሩ ምንም ሳያጠፋ ስለ ሌላ ብልሽት እውነቱን መመስከሩ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሦስቱን ሳይለይ ዕቃ የሚቀይር ሰው በገዛ ገንዘቡ ሳይሆን በደንበኛው ገንዘብ ዕድሉን ይሞክራል።

በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ሴንሰር እንዴት እንደሚበላሽ፣ ቀጥሎ ኮምፒዩተሩ ብልሽቱን በምን እንደሚያውቅ፣ ከዚያም እኛ በዎርክሾፕ ውስጥ እንዴት ደረጃ በደረጃ ልንለየው እንደምንችል በምሳሌ እንመለከታለን።

1. ሴንሰር ምን ይሠራል?

ሴንሰር አንድን አካላዊ ነገር፣ ማለትም ሙቀትን፣ ግፊትን፣ ፍጥነትን፣ የፔዳልን አቀማመጥ ወይም በጭስ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን፣ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ ዕቃ ነው። ኮምፒዩተሩ ሙቀትን አያውቅም፤ የሚያውቀው ቮልትን ብቻ ነው። ብዙዎቹ ሴንሰሮች ከኮምፒዩተሩ የ5 ቮልት ማጣቀሻ ይቀበላሉ፣ የጋራ መመለሻ ወይም ግራውንድ አላቸው፣ በሦስተኛው ገመድ ደግሞ መልሳቸውን ይልካሉ። ለምሳሌ የትሮትል አቀማመጥ ሴንሰር ትሮትሉ ሲዘጋ ወደ 0.5 ቮልት፣ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ወደ 4.5 ቮልት ይሰጣል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ለምን ከ0 እስከ 5 ሙሉውን አይጠቀምም? ከላይና ከታች የተተወው ባዶ ቦታ ሆን ተብሎ የተተወ ነው። ገመድ ሲቆረጥ ወይም ከአካል ጋር ሲነካካ ምልክቱ ወደ 0 ወይም ወደ 5 ይሄዳል። ጤነኛ ሴንሰር ደግሞ እነዚያ ጠርዞች ላይ ፈጽሞ አይደርስም። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ 0 ወይም 5 ሲያይ «ይህ መለኪያ ሳይሆን ብልሽት ነው» ብሎ ለመለየት ይችላል።

2. ሴንሰር እንዴት ይታመማል?

የሴንሰር ብልሽት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በጥቅሉ በአምስት ልንከፍለው እንችላለን።

ሀ. የሞተ። ገመዱ ተቆርጧል፣ ወይም ሾርት አድርጓል፣ ወይም የውስጥ አካሉ ተቃጥሏል። ምልክቱ ጠርዝ ላይ ይቀራል። ለማግኘት በጣም ቀላሉ ይህ ነው።

ለ. የተቸነከረ። ቁጥሩ ተገቢ ይመስላል፣ ነገር ግን አይንቀሳቀስም። ሞተሩ ቀዝቃዛም ይሁን ትኩስ ያው 60 ዲግሪ ይላል።

ሐ. ያጋደለ። ሁልጊዜ ከእውነቱ በተወሰነ መጠን ይበልጣል ወይም ያንሳል። እንደ ተበላሸ ሚዛን ነው፤ ሚዛኑ ይሠራል፣ ግን በየኪሎው ያጎድላል።

መ. የሚንሸራተት። ዛሬ ትንሽ፣ ከስድስት ወር በኋላ ትንሽ ጨምሮ ይሳሳታል። አቧራ የጠጣ የአየር ፍሰት ሴንሰርና ያረጀ ኦክስጅን ሴንሰር ለዚህ ጥሩ ምሳሌዎች ናቸው።

ሠ. አንዴ የሚመጣ አንዴ የሚሄድ። ጉድጓድ ሲገባ፣ ሲሞቅ ወይም ሲዘንብ ብቻ የሚታይ ብልሽት ነው። መካኒክን የሚያሳብደው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ጋራዥ ሲደርስ «የለሁም» ይላል።

ከእነዚህ ውስጥ የመጀመሪያውን ኮምፒዩተሩ ወዲያው ይይዘዋል። የመጨረሻዎቹን ግን ዘግይቶ ያውቃቸዋል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አያውቃቸውም። መብራት አልበራም ማለት ሴንሰሮች ሁሉ ጤነኛ ናቸው ማለት አይደለም።

3. ኮምፒዩተሩ ብልሽቱን በምን ያውቃል?

አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በአገሯ በሚሸጡ የቤት መኪናዎችና ቀላል ጭነት መኪናዎች ላይ ኦቢዲ ሁለት የሚባለውን ወጥ የሆነ የራስ ምርመራ ሥርዓት አስገዳጅ አድርጋለች። ከመሪው በታች የምናገኘው ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት የመጣው ከዚያ ነው። ቀዳዳ ቁጥር 16 የባትሪ ፖዘቲቭ ነው፣ 4 እና 5 ግራውንድ ናቸው። ስካነራችሁ አልበራ ካለ መጀመሪያ እነዚህን ሦስቱን ለኩ።

ኮምፒዩተሩ ሴንሰሮቹን የሚቆጣጠርባቸው መንገዶች በአራት ይጠቃለላሉ።

የመጀመሪያው የወሰን ፍተሻ ነው። ምልክቱ ከተፈቀደው በታች ወይም በላይ ከሆነ ኮድ ይመዘግባል። «ዝቅተኛ ምልክት» እና «ከፍተኛ ምልክት» የሚሉ ኮዶች ሁሉ የዚህ ውጤት ናቸው።

ሁለተኛው የተገቢነት ፍተሻ ነው። ቁጥሩ በወሰኑ ውስጥ ነው፣ ነገር ግን አሁን ካለው ሁኔታ ጋር ይስማማል ወይ? መኪናው ሃያ ደቂቃ ከተነዳ በኋላ የራዲያተሩ ውሃ አሁንም 30 ዲግሪ ነው ከተባለ አንድ የማይሆን ነገር አለ። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረ መኪና ጠዋት ሲነሳ የውሃው ሙቀትና የሚገባው አየር ሙቀት ሊቀራረቡ ይገባል። አንዱ 18 ሌላው 55 ካለ አንዱ ዋሽቷል።

ሦስተኛው ሁለት ሴንሰርን ማመሳከር ነው። የነዳጅ መስጫው ፔዳል በገመድ ሳይሆን በኤሌክትሪክ በሚሠራባቸው መኪናዎች ፔዳሉ አንድ ሳይሆን ሁለት ምልክት ይልካል። በብዙ የቶዮታ ሥሪቶች ፔዳሉ ሳይረገጥ አንደኛው ወደ 0.8 ቮልት፣ ሁለተኛው ወደ 1.6 ቮልት ይሆናሉ፣ ሲረገጥም ልዩነታቸውን ጠብቀው አብረው ይወጣሉ። ልዩነቱ ሲጠፋ ኮምፒዩተሩ ማንኛውን እንደሚያምን ስለማያውቅ የሞተሩን ጉልበት ይገድባል። ኮድ ፒ2138 የሚባለው ይኸው የሁለቱ አለመስማማት ነው።

አራተኛው በስሌት መፈተሽ ነው። ለአንድ መለኪያ ሁለተኛ ሴንሰር ባይኖርም ከሌሎቹ ሴንሰሮች አስልቶ «ይህን ያህል መሆን ነበረበት» ማለት ይቻላል። በቁጥር እንየው። ባለ 1.5 ሊትር ሞተር በደቂቃ 3000 ጊዜ ይዞራል እንበል። አራት ምት ስለሆነ በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ይሞላል፤ ስለዚህ በሴኮንድ 37.5 ሊትር ይስባል። ማኒፎልዱ ውስጥ ያለው ግፊት 40 ኪሎ ፓስካል፣ ሙቀቱም 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሆነ አንድ ሊትር አየር ወደ 0.45 ግራም ይመዝናል። ሲሊንደሩ 80 በመቶ ይሞላል ካልን 37.5 በ0.45 በ0.8 ሲባዛ በሴኮንድ 13.5 ግራም ይሆናል። የአየር ፍሰት ሴንሰሩ 13 ወይም 14 ካለ ተስማምተዋል። 7 ካለ ግን ከስሌቱ ጋር የ6.5 ግራም ልዩነት ተፈጥሯል። በምርመራ ትምህርት ይህ ልዩነት ቅሪት ይባላል። ቅሪቱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ጤና ነው፣ ሲያድግና ሳይመለስ ሲቀር ግን ብልሽት አለ ማለት ነው።

ኮምፒዩተሩ ታዲያ ቅሪት ባየ ቁጥር መብራት አያበራም። ብዙ ኮዶች በሁለት ተከታታይ የጉዞ ዑደት ካልተደገሙ መብራቷን አያበሩም፤ እስከዚያ «በመጠባበቅ ላይ ያለ ኮድ» ሆነው ይቆያሉ። ኮዱ ሲረጋገጥ ደግሞ በዚያች ቅጽበት የነበረውን የሞተር ዙር፣ ሙቀት፣ ፍጥነትና ጭነት ይመዘግባል። ይህ መረጃ ፍሪዝ ፍሬም ይባላል። ኮዱን ከማጥፋታችሁ በፊት ይህንን ወረቀት ላይ ጻፉት። ኮዱን ማጥፋት የምስክሩን ቃል መቅደድ ነው።

4. ከኮድ ወደ ብልሽት፦ የምርመራ ቅደም ተከተል

«ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ» እንደሚባለው ምርመራውን ከሥሩ እንጀምር። የሚከተለው ቅደም ተከተል በማንኛውም ሴንሰር ላይ ይሠራል።

አንደኛ፣ ባለቤቱን ጠይቁ። መብራቷ መቼ በራች? ከምን በኋላ? ሞተር ከታጠበ በኋላ ነው? ኩሽኔታ ከተቀየረ በኋላ ነው? ግማሹ መልስ ከዚህ ይገኛል።

ሁለተኛ፣ ባትሪና ዲናሞ። ሞተሩ ሲሠራ 13.5 እስከ 14.7 ቮልት ካልተገኘ የሴንሰር ምርመራ አትጀምሩ። የወረደ ባትሪ የሌሉ ኮዶችን ይፈጥራል።

ሦስተኛ፣ በዓይን ማየት። የተላጠ ገመድ፣ የተሰነጠቀ ቱቦ፣ አረንጓዴ ዝገት የያዘ ኮኔክተር። ሞተር በግፊት ውሃ ሲታጠብ ውሃው ኮኔክተር ውስጥ ይገባል፣ አይደርቅም፣ ፒኖቹንም ይበላቸዋል።

አራተኛ፣ ኮዶቹን በአንድነት ማንበብ። ሦስት ሴንሰር በአንድ ቀን አይሞትም። ብዙ ኮድ ባንድ ጊዜ ከወጣ የጋራ የሆነውን ነገር ፈልጉ፣ ይኸውም የ5 ቮልቱን መስመር ወይም ግራውንዱን። 5 ቮልቱ ወድቆ ካገኛችሁት በዚያ መስመር ላይ ያሉትን ኮኔክተሮች አንድ በአንድ ንቀሉ፤ ሲነቀል 5 ቮልቱን የመለሰው እሱ ነው አጥፊው።

አምስተኛ፣ ገመዱን ከሴንሰሩ መለየት። ይህ የምርመራው ልብ ስለሆነ በምሳሌ እንመለስበታለን።

ስድስተኛ፣ ሴንሰሩን ራሱን መለካት። ከዚያም ከቀየራችሁ በኋላ ማረጋገጥ፤ መብራቷ መጥፋቷን ብቻ ሳይሆን ቁጥሩ ትክክል መሆኑን።

ስለ መሣሪያ አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። በኮምፒዩተር መስመሮች ላይ ተራ አምፖል ያለው መፈተሻ አይነካም፤ ብዙ ከረንት ስለሚስብ ኮምፒዩተሩን ሊጎዳ ይችላል። 10 ሜጋ ኦም የውስጥ ተቃውሞ ያለው ዲጂታል መልቲሜትር ተጠቀሙ። ኦም የምትለኩት ደግሞ ኮኔክተሩ ተነቅሎ፣ ቁልፉ ተዘግቶ ብቻ ነው። በኤርባግ መስመር ላይ ግን ኦም መለካት ፈጽሞ ክልክል ነው።

5. ምሳሌ አንድ፦ የውሃ ሙቀት ሴንሰር

ይህ ሴንሰር ሲሞቅ ተቃውሞው የሚቀንስ ቴርሚስተር ነው። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች በ20 ዲግሪ ከ2000 እስከ 3000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ከ200 እስከ 400 ኦም አካባቢ ይሆናል። ኮድ ፒ0118፣ ማለትም «ከፍተኛ ምልክት»፣ ወጣ እንበል። ስካነሩም የውሃው ሙቀት ከዜሮ በታች 40 ነው ይላል። ይህ የመስመር መቆረጥ ምልክት ነው፤ የተቆረጠው ግን ሴንሰሩ ውስጥ ነው ወይስ ገመዱ ላይ?

ኮኔክተሩን ንቀሉና በገመዱ በኩል ያሉትን ሁለቱን ፒኖች በአጭር ሽቦ አገናኙ። ስካነሩ ከዜሮ በታች 40 ከሚለው ዘሎ ወደ 140 ዲግሪ አካባቢ ከወጣ ገመዱም ኮምፒዩተሩም ጤነኞች ናቸው፤ ጥፋተኛው ሴንሰሩ ወይም የኮኔክተሩ ንክኪ ነው። ካልተንቀሳቀሰ ግን ጥፋቱ ገመዱ ላይ ወይም ኮምፒዩተሩ ላይ ስለሆነ አዲስ ሴንሰር መግዛት ከንቱ ነው። ተቃራኒው ኮድ፣ ፒ0117፣ ከወጣ ደግሞ ሥራው ይገለበጣል። ኮኔክተሩን ስትነቅሉ ቁጥሩ ወደ ከዜሮ በታች 40 ከወረደ ሾርቱ ያለው ሴንሰሩ ውስጥ ነው።

አንድ ሽቦና አንድ ደቂቃ። ብር አያስወጣም። አንዳንድ መኪናዎች ብልሽት ሲያዩ እውነተኛውን ቁጥር ደብቀው ተተኪ ቁጥር ስለሚያሳዩ በዚያን ጊዜ ቮልቱን በመልቲሜትር በቀጥታ ማየት ያስፈልጋል።

6. ምሳሌ ሁለት፦ እውነት ተናግሮ የተባረረው ኦክስጅን ሴንሰር

በኢንዱስትሪ ልምምድ ወቅት ወደነበርንበት ጋራዥ አንድ የታክሲ ሹፌር ሞተሯ ሚኒሞ ላይ የምትንቀጠቀጥ መኪና ይዘው መጡ። ኮዱ ፒ0171 ነው፤ ድብልቁ ቀጥኗል፣ ማለትም አየር በዝቷል ወይም ነዳጅ አንሷል። ሹፌሩ ቀደም ሲል በሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ ኦክስጅን ሴንሰር አስቀይረዋል። «ልጄ፣ በዚህ መብራት ሰበብ የልጆቼን ትምህርት ቤት ክፍያ በላሁት» አሉን።

ዋናው መካኒክ ሴንሰሩን አልነኩትም። መጀመሪያ ነዳጁን በድንገት ሰጡት፤ የሴንሰሩ ምልክት ወደ 0.9 ቮልት ወጣ። ለቀቁት፤ ወደ 0.1 ወረደ። ኦክስጅን ሴንሰር ከ300 ዲግሪ በላይ ከሞቀ በኋላ ከ0.1 እስከ 0.9 መውጣትና መውረድ ነው ሥራው። «ይኼ ሕያው ነው፤ የሚነግረን ነገር አለው ማለት ነው» አሉ።

ቀጥለው የነዳጅ ማስተካከያውን መቶኛ አነበቡ። ሚኒሞ ላይ ኮምፒዩተሩ 24 በመቶ ነዳጅ ጨምሯል። በ2500 ዙር ሲያዩት ወደ 6 ወረደ። ይህ ለምን ሆነ? ሚኒሞ ላይ ሞተሩ የሚስበው አየር ጥቂት ነው። በስንጥቅ ሾልኮ የሚገባ አየር ከዚያ ጥቂት ላይ ትልቅ ድርሻ ይይዛል። ዙሩ ሲጨምርና ትሮትሉ ሲከፈት ግን ጠቅላላው አየር ስለሚበዛ የሾላኪው ድርሻ ይዋጣል። ብልሽቱ የነዳጅ ፓምፕ ድክመት ቢሆን ኖሮ ተቃራኒው ይታይ ነበር፤ ጭነት ሲጨምር ጉድለቱም ይጨምራል። ፍለጋው ስለዚህ ወደ ማኒፎልዱ ቱቦዎች ሄደ። የክራንክ ኬዝ ጋዝ የሚመልሰው የጎማ ቱቦ ከታች በኩል፣ ዓይን በማያየው ቦታ ተሰንጥቆ ተገኘ።

ልብ በሉ፤ ኦክስጅን ሴንሰሩ ከመጀመሪያው ጀምሮ እውነቱን ነበር የሚናገረው። ሁለት ጊዜ የተባረረው እውነት በመናገሩ ነው። ከኮዱ ጋር ስሙ የተያያዘው ዕቃና የተበላሸው ዕቃ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ የምንለው ለዚህ ነው። አዳዲስ መኪናዎች በፊተኛው ቦታ ላይ ኤር ፊውል ሴንሰር ስላላቸው ከላይ ያልነው የ0.1 እና 0.9 ቁጥር ለእነሱ አይሠራም፤ የማኑዋላቸውን ቁጥር ማየት ግድ ነው።

7. ምሳሌ ሦስት፦ የጎማ ፍጥነት ሴንሰርና የተገለበጠው ኩሽኔታ

የኤቢኤስ መብራት በርታለች፣ ኮዱም የፊት ግራ ጎማ ፍጥነት ሴንሰር ይላል። አሮጌዎቹ ሴንሰሮች በማግኔትና በጥቅል ሽቦ የሚሠሩ ስለሆኑ ተነቅለው ወደ 1000 ኦም አካባቢ ይለካሉ፤ ጎማው በእጅ ሲዞርም ተለዋዋጭ ቮልት ይሰጣሉ። አዲሶቹ ግን ውስጣቸው ኤሌክትሮኒክስ ስላለ በኦም መለካት አይነግረንም፣ ሊጎዳቸውም ይችላል። ለእነሱ የሚበጀው የስካነሩ ቀጥታ መረጃ ነው። በባዶ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት እየተነዳ አራቱን ጎማዎች አስተያዩ፤ ሦስቱ 30 ብለው አንዱ 0 ካለ ቦታውን አገኛችሁ።

ሴንሰሩን ከመቀየራችሁ በፊት ግን ጠይቁ፤ ኩሽኔታ ተቀይሯል ወይ? በብዙ አዳዲስ መኪናዎች ሴንሰሩ የሚያነበው የማግኔት ቀለበት ያለው ኩሽኔታው ላይ በአንድ በኩል ነው። ማግኔት ያለው ጎን ወደ ሴንሰሩ ካልዞረ ጎማው በደንብ ይዞራል፣ ሴንሰሩ ግን ምንም አያይም። አስር አዲስ ሴንሰር ቢገጠም ያው ነው። ከመግጠም በፊት ማግኔታማውን ጎን ለመለየት ቀላል የወረቀት ክሊፕ ይበቃል፤ በዚያ በኩል በስሱ ይሳባል።

8. የመጽሐፉ ቁጥርና የአዲስ አበባ ቁጥር

ለእኛ አገር ተማሪ ልዩ ትኩረት የሚያስፈልገው አንድ ነገር አለ፤ ከፍታ። ብዙ ማኑዋሎች የማኒፎልድ ግፊት ሴንሰር ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ ወደ 101 ኪሎ ፓስካል ማሳየት አለበት ይላሉ። ይህ የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ወደ 2350 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ እዚህ ጤነኛ ሴንሰር የሚያሳየው 76 ወይም 77 አካባቢ ነው። ድሬዳዋ ወደ 1200 ሜትር ላይ ስለሆነች እዚያ ወደ 88 ይሆናል። ማኑዋሉን እንዳለ የተቀበለ ሰው አዲስ አበባ ላይ ጤነኛውን ሴንሰር «ያጋደለ» ብሎ ይጥለዋል። በተቃራኒው ደግሞ አዲስ አበባ ላይ 100 የሚያሳይ ሴንሰር «እንደ መጽሐፉ ነው» ተብሎ ይታለፋል፣ እሱ ግን በእርግጥ ታሟል።

ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «መጽሐፉ ምን ይላል?» ብቻ ሳይሆን «ጤነኛው መኪና እዚህ ቦታ ላይ ምን ይላል?» የሚል ነው።

9. የሴንሰር ስህተት ሕይወት ሲያስከፍል

እስካሁን ያወራነው ስለ ገንዘብ ነው። ከመኪና ለአፍታ ወጣ ብለን ወደ አውሮፕላን ብንመለከት የነገሩ ክብደት ይበልጥ ይገባናል። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም ኢንዶኔዥያ ውስጥ የላየን ኤር ቦይንግ 737 ማክስ ተከስክሶ 189 ሰዎች ሞቱ። ከአደጋው በፊት የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከአየሩ ጋር የሚሠራውን ማዕዘን የሚለካው የግራ ሴንሰር ተቀይሮ ነበር። የተተካው ሴንሰር ግን ቀደም ሲል ሲጠገን በትክክል ስላልተስተካከለ በ21 ዲግሪ ያጋደለ ነበር። ከተገጠመ በኋላ በአግባቡ መፈተሹንም መርማሪዎች ማረጋገጥ አልቻሉም።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም ደግሞ የራሳችን አየር መንገድ በረራ 302 ከአዲስ አበባ ተነስቶ ቢሾፍቱ አካባቢ ወደቀ፤ 157 ሰዎች አለቁ። የመጀመሪያ ደረጃው የምርመራ ሪፖርት እንዳሰፈረው ከተነሳ ብዙም ሳይቆይ የግራው ሴንሰር 74.5 ዲግሪ ሲያሳይ የቀኙ ከ15.3 አላለፈም። አውሮፕላኑ ሁለት ሴንሰር ነበረው። አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋው ሥርዓት ግን የሚሰማው የአንዱን ብቻ ነበር፤ ከሁለተኛው ጋር አላመሳከረም። ከአደጋዎቹ በኋላ ሥርዓቱ ሁለቱንም እንዲያነጻጽር ተደርጎ ተሠራ።

በመኪናችን ፔዳል ላይ ሁለት ምልክት የተደረገው ለምን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ትምህርት የለም። እኛም ፍሬን ላይ፣ ፔዳል ላይ፣ መሪ ላይ ስንሠራ «አዲስ ስለሆነ ጤነኛ ነው» ብለን መኪናውን ማስረከብ እንደማይገባን ያስተምረናል። አዲስ ዕቃም ይለካል።

10. የኤሌክትሪክ መኪናስ?

በ2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በመንገዱ ላይ እየበዙ መጥተዋል። አንዳንድ ተማሪዎች «እንግዲህ የሴንሰር ትምህርት ምን ይሠራልናል?» ሲሉ ይሰማል። ኦክስጅን ሴንሰር በእርግጥ የለም። ሆኖም የባትሪው ሙቀት፣ የእያንዳንዱ ሴል ቮልት፣ የሚገባና የሚወጣው ከረንት፣ የሞተሩ አቀማመጥ፣ ፔዳሉና አራቱ ጎማዎች ሁሉ በሴንሰር ነው የሚታወቁት። አንድ የሙቀት ሴንሰር ሲያጋድል ባትሪው በዝግታ ይሞላል ወይም ጉልበት ይቀንሳል፤ ባለቤቱም «ባትሪው ሞቷል» ተብሎ የመኪናውን ዋጋ ትልቅ ድርሻ የሚይዘውን ዕቃ እንዲገዛ ሊነገረው ይችላል። ወሰን፣ ተገቢነት፣ ማመሳከርና ስሌት የሚሉት አራቱ መንገዶች እዚያም አልተለወጡም። የተለወጠው አደጋው ነው። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ገመዶች ከፍተኛ ቮልት የሚያልፍባቸው ስለሆኑ ልዩ ሥልጠናና መከላከያ ጓንት ሳይኖር አይነኩም።

ማጠቃለያ

ከላይ ያየነውን ስናጠቃልል፣ ሴንሰር አምስት ዓይነት ሕመም አለው፤ ኮምፒዩተሩ በአራት መንገድ ያየዋል፤ የሚሰጠን ኮድ ግን ክስ ብቻ ነው። መካኒኩ በተራው ገመዱን ከሴንሰሩ፣ ሴንሰሩንም ከሚለካው ነገር መለየት አለበት። ለዚህም በአብዛኛው ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ መልቲሜትር፣ አጭር ሽቦ፣ ተራ ስካነርና ትዕግሥት ይበቃሉ።

በመጨረሻም ለዲፓርትመንታችን አንድ ሐሳብ አለኝ። ዎርክሾፓችን ውስጥ ያሉት ሞተሮች ጤነኛ በሆኑበት ጊዜ ቁጥሮቻቸውን የምንጽፍበት አንድ መዝገብ ይኑረን። ቁልፍ ተከፍቶ ሞተር ሳይነሳ ግፊቱ ስንት ነው? ሚኒሞ ላይ የአየር ፍሰቱ ስንት ነው? የነዳጅ ማስተካከያው መቶኛ ስንት ነው? ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለ የሁለቱ ሙቀት ልዩነት ስንት ነው? በየሴሚስተሩ አንድ ቡድን ቢሞላው በሁለት ዓመት ውስጥ ለዚህ ከፍታ የሚሆን፣ ከውጭ የመጣ ማኑዋል ሊሰጠን የማይችል የራሳችን ሰንጠረዥ ይኖረናል። ጤነኛው ሴንሰር ምን እንደሚል ያልተማረ ሰው የታመመው ሲናገር ሊለየው አይችልም። መዝገቡን ለመጀመር የሚያስፈልገው አንድ ደብተር ነው፤ የመጀመሪያውን ገጽ ቡድናችን ለመሙላት ዝግጁ ነው።